የ700 ፈረሶች ባልደራስ

በዚህ ዓለም ሰው ሁሉ የሚታየውንና የሚሰማውን ማወደስ ልማዱ ስለ ሆነ፥ በቀደመው ዘመን ስለ ዘመተ አንድ መኰንን የሚተርክልን ሽማግሌ የበቅሎውን ስግሪያ፥ የፈረሱን ስም፥ የጋሻውን ጌጥ፥ የጎፈሩን ግርማ እያነሣ ሲያመሰግን ያመሻል እንጂ፥ ያ ሁሉ ፈረስ በየሰፈሩ ገብስና ድርቆሽ ሳያጣ እንዲያድር በጨለማ ሲባክን ስለ ነበረው ባልደራስ አንዲት ቃል ትንፍሽ አይልም። ፈረስ ግን የሚሮጠው በስሙ አይደለም፤ በገብሱ ነው። ገብሱ በጎደለ ዕለት ጌታው ፎክሮ ሳይጨርስ ፈረሱ ይንበረከካል፤ ያን ጊዜም ከተረሳበት ተጠርቶ የሚወቀሰው ያው ስሙን ማንም ያላነሣው ባልደራስ ነው።

ይህ ጠባይ ከፈረሰኛው ዘመን ጋር አብሮ ያለፈ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ወደምትኖረው ወደ እኅቴ ቤት ጎራ ብሎ ልጇን ይመልከት። ልጁ በሌላው ነገር ሁሉ ምስጉን ነው፤ ትምህርቱን ጨርሷል፥ ሥራ ይዟል፥ እሑድ ቅዳሴ አያስታጕልም፥ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል። ነገር ግን ለሰው ልጅ አንድ ፈተና አይታጣለትምና፥ የእርሱ ፈተና ከቤቱ ጎን ባለው የመኪና ማደሪያ ውስጥ ቆማ ትኖራለች፤ ይህችውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓመተ ምሕረት የተሠራች ቶዮታ ሱፕራ ናት። በረዶ በሚጥልበት ወራት እርሱ በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ እርሷ በድርብ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ታድራለች፤ እናቱም ይህን እያየች «ልጅሽ ሚስት አገባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሚስት እንኳ ብርድ ልብሱን ትካፈለዋለች» ትላለች።

መኪናይቱ ከፋብሪካ ስትወጣም ቢሆን ምስኪን አልነበረችም። ሦስት ሊትር የሚሰፍር፥ ስድስቱ ሲሊንደሮቹ በአንድ ሰልፍ የቆሙለት፥ አካሉ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ቱ ጄ ዜድ የሚባል ሞተር አላት፤ በዚህም ላይ ሁለት ቱርቦዎች ተራ እየተቀባበሉ ያገለግሉት ስለ ነበረ፥ ለአሜሪካ ገበያ የተላከችው 320 የፈረስ ጕልበት እንዳላት በይፋ ተነግሮላታል። በአገሯ በጃፓን ግን መኪና ሠሪዎቹ ከ280 ፈረስ በላይ ላለማውራት እርስ በርሳቸው ተስማምተው ስለ ነበረ፥ በዚያ ያችው መኪና ባለ 280 ናት ተብሎ ተጻፈላት። ትሕትና በጽሕፈት፥ ጕልበት በተግባር ማለት ይህ ነው።

እኔም አንድ ቀን «ልጄ፥ 320 ፈረስ ለአንድ ወንደላጤ ምን ያንሰዋል? ከዚህ ያነሰ አስከትሎ ደጃዝማች የተባለ ሰው አለ» ብለው፥ «ጋሼ፥ ይህ ሞተር እኮ የሚችለውን ግማሽ እንኳ አልሠራም፤ 700 ቢጫንበት አይበግረውም» ሲል መለሰልኝ፤ ብዙም ሳይቈይ ሁለቱን ቱርቦዎች ነቅሎ በምትካቸው አንድ ታላቅ ቱርቦ ተከለ። ኮፈኑ ሲከፈት ያ ቱርቦ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ያብረቀርቃል፤ ቤንዚን ሲሰጠው ያፏጫል፤ ቤንዚኑ ሲቀነስበት ደግሞ ይተነፍሳል፤ የሰፈሩም ጕልማሶች ያን ትንፋሽ ለመስማት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ።

ቱርቦ ማለት፥ ያልገጠመው አንባቢ ቢኖር፥ ሞተሩ የሚተፋው ትኩስ ጢስ በከንቱ ከሚባክን አንዲት መዘውር እንዲያሽከረክር የሚያደርግ፥ ያችም መዘውር በአንድ ዘንግ የተያያዘቻትን ሁለተኛ መዘውር እያዞረች የውጭውን አየር በግድ ወደ ሞተሩ ደረት እንድትጠቀጥቅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። አሳቡን በ1905 በሕግ ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነበር። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ በኮሎራዶ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ፤ ተራራው 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ከእኛው ከራስ ዳሽን ጥቂት ብቻ ዝቅ የሚል ነው። በዚያም አየሩ በሳሳበት ራስ ላይ ሆኖ፥ ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር በቈላ የሚሰጠውን ኀይል በደጋም እንደማያጓድል አሳየ። የዚህን ሥራ ጥቅም ከእኛ ወገን ለማንም ማስረዳት አያሻም፤ አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የቀለለ ስለ ሆነ፥ ኤንትሬ የጭነት መኪና የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት የሰማ ሰው ሁሉ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያውቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ከባሕር ብዙ ያልራቀች፥ አየር የማይጎድልባት ዝቅተኛ አገር ናት። «ታዲያ በሞላበት ላይ መጨመር ለምን አስፈለገ?» ብዬ ብጠይቅ የእኅቴ ልጅ በአክብሮት ፈገግ አለ እንጂ መልስ አልሰጠኝም፤ መልስ የሌለው ጥያቄ መሆኑን እርሱም ያውቃልና።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አየር ብቻውን አይነድም። 1 ኪሎ ቤንዚን በተስተካከለ ምጣኔ ይነድ ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል፤ ቱርቦው አየሩን በሚጠቀጥቅበት ጊዜ ግን ግለቱን የሚያበርድ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚያስፈልግ፥ ባለሙያዎች ምጣኔውን ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 12 ኪሎ አየር፥ አንዳንዴም ከዚያ ዝቅ ያደርጉታል። እንግዲህ አየሩ ተትረፍርፎ ቤንዚኑ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ የሚደክም ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም፤ ይግላል፥ ይንኳኳል፥ በመጨረሻም ፒስተኑ እንደ ሰም ይቀልጣል። ጾም ለነፍስ ይበጃል፤ ቱርቦ ለተጫነበት ሞተር ግን ከዓርብ እስከ ዓርብ ፍስክ ነው፤ በአንዲት ቅጽበት የታወጀበት ጾም ባለቤቱን የዓመት ደመወዝ ያስከፍለዋል።

ይህም የዛሬ ጕልማሶች ብቻ ነገር አይደለም። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለች መኪና ከመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪናዎች አንዷ ሆና ወጣች፤ ሠሪዎቿም ሞተሩ እንዳይንኳኳ በማሰብ ከውኃና ከሜታኖል የተቀመመ ፈሳሽ የሚቀመጥበት ልዩ ዕቃ አበጁላትና ባለቤቱ እያየ እንዲሞላው አዘዙ። ባለቤቶቹ ግን ፉጨቱን ወደዱ እንጂ ፈሳሹን ረሱ። ዕቃው ሲደርቅ መኪናይቱ ራሷን ለማዳን የቱርቦውን ግፊት ትቀንስ ነበርና፥ «ጕልበቷ ከዳን» እያሉ አማረሩ፤ ኋላም ኩባንያው ለሚፈልጉት ሁሉ ቱርቦውን ነቅሎ ተራ ካርቡራተር ተከለላቸው። ከተነቀለው ቱርቦ ይልቅ ያልተሞላው ዕቃ ቢመረመር ኖሮ፥ የሰው ልጅ ጠባይ በዚያች ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ተጽፎ በተገኘ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ዕጣም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ረድቶት፥ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ ጋራዥ ከፍቶ የሚኖር አንድ አንጋፋ መካኒክ ያውቃል። ሰውየው በልጅነቱ የደብር ተማሪ ሆኖ ኋላ በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን የተማረ ስለ ሆነ፥ ሞተርን የሚመረምረው እንደ መጽሐፍ ነው፤ ንባቡን ሳያደላድል ወደ ትርጓሜው አይገባም። መኪናይቱን በከበሎ ላይ በቁሟ እያስሮጠ ጕልበቷን በሚመዝነው ዳይኖ በሚሉት መሣሪያ ላይ አቆማት፤ የሚወጣውን ጢስ እየመረመረ የአየሩንና የነዳጁን ምጣኔ የሚናገረውን ሰሌዳም ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከት ጀመር። ሞተሩ ድምፁን ከፍ እያደረገ፥ ቱርቦው እያፏጨ፥ የልጁም ልብ ከቱርቦው ጋር እየዘመረ ሳለ፥ በሰሌዳው ላይ ያለው ቍጥር ከ12 ተነሥቶ 13ን አለፈ፤ መካኒኩም በዚያው ቅጽበት እግሩን ከቤንዚን መስጫው አነሣና ሞተሩን አጠፋው።

«ነዳጅ አነሰው» አለ። «ለምን አነሰው ያልህ እንደ ሆነ፥ አንድም ማጣሪያው ተደፍኖ ነው፤ አንድም ቱቦው ቀጥኖ ነው፤ አንድም ሽቦው ኤሌክትሪኩን በመንገድ እያስቀረ ነው፤ አንድም ፓምፑ አቅሙ አልቆ ነው። ሦስቱን መርምሬአለሁ፤ አራተኛው ይጸናል።»

ወዲያውም እርሳስ አንሥቶ በካርቶን ላይ ሒሳቡን ጻፈልን። እያንዳንዱ ፈረስ በሰዓት ወደ 270 ግራም ቤንዚን የበላ እንደ ሆነ፥ 700ው በሰዓት 190 ኪሎ ያህል ይበላሉ፤ ይህም በሊትር ሲሰፈር ከ250 ይበልጣል። የመኪናይቱ ታንክ 70 ሊትር ስለሚይዝ፥ ፈረሶቹ ሁሉ በአንድነት የጋለቡ እንደ ሆነ ከሩብ ሰዓት ጥቂት አልፎ ጋጣው ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ከፋብሪካ የመጣው ፓምፕ 320 ፈረስ እንዲያበላ የተሾመ ታማኝ ባልደራስ ነበረ፤ ሹመቱ ሳይጨመርለት፥ ረዳት ሳይሰጠው፥ ማንም ሳያማክረው አንድ ቀን ሲነቃ በደጁ 700 ፈረስ አፉን ከፍቶ ቢያገኝ ምን ያድርግ?

ከዚህም የሚብስ ጭካኔ አለበት። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥራቸውን በሥርዓት የሚሠሩት፥ በውስጣቸው ያለው የነዳጅ ግፊት በውጭ ካለው የአየር ግፊት በ3 ባር ያህል የበለጠ እንደ ሆነ ነው። ቱርቦው የ1.5 ባር ግፊት ሲያመጣ ያ አየር ነዳጁን ወደ ኋላው ይገፋዋልና፥ ፓምፑ ልዩነቱን ጠብቆ ለመኖር ወደ 4.5 ባር መድረስ አለበት። ፓምፕ ደግሞ በተፈጥሮው ግፊቱ ሲጨምርበት የሚያፈስሰው መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ብዙ እንዲሰጥ በሚለመንበት በዚያው ሰዓት መስጠት ይበልጥ ይከብደዋል ማለት ነው፤ ይህም ዕጣ በቤት አስተዳዳሪዎች ሁሉ ላይ የታወቀ ነው። በገበያ ላይ በሰዓት 255 ሊትር ይሰጣል የተባለለት ዋልብሮ የሚሉት ስመ ጥር ፓምፕ ሳለ፥ መካኒኩ «አይበቃም፤ ያ ቍጥር የዝቅተኛው ግፊት ቍጥር ነው» ብሎ ባለ 450ውን ያዘዘው ስለዚህ ነው። የተከበረ ስም ያለው ዕቃ ሁሉ ሐሰተኛ ወንድም አያጣምና፥ «በርካሽ አገኘሁ ብለህ ከማይታወቅ ሰው እንዳትገዛ» ሲልም ገዘተው።

ፓምፑ የሚኖረው በዕቃ መጫኛው ወለል ሥር፥ በታንኩ ውስጥ፥ ከቤንዚኑ መካከል ጠልቆ ነው። ይህን የሰማች እኅቴ መጀመሪያ አላመነችም፤ ኤሌክትሪክ የሚያዞረው ሞተር በቤንዚን ባሕር መካከል ገብቶ ሌትና ቀን እንደሚሠራ በተረጋገጠላት ጊዜ ግን ጠበል ይዛ መጣች። መካኒኩ በትዕግሥት «እመቤቴ፥ እሳት ያለ አየር አይነሣም፤ በታንኩ ውስጥ ቤንዚኑና እንፋሎቱ ሞልተው አየሩ ስለሚያንስ የሚነድ ነገር የለም። እንዲያውም የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ራሱ ነው፤ የሚጐዳው ታንኩ ሲጎድልበት ነው» ብሎ አስረዳት። እርሷም «ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት መካከል ሳይቃጠሉ የወጡት መልአክ ስለ ነበራቸው ነው፤ የእናንተው መልአክ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችና፥ መልስ ሳትጠብቅ ጠበሉን ረጨችበት። እኔም ከመልአኩ ሌላ እሳት ማጥፊያው በአጠገባችን ቢቆም የማይጠላ ስለ ሆነ ፈልጌ አመጣሁ፤ የባትሪው ሽቦ ተፈታ፥ መስኮትና በር ተከፈተ፥ አሮጌው ፓምፕ በክብር ወጣ፥ አዲሱም በክብር ገባ።

ሥራው አለቀ ብላችሁ እንዳትነሡ። አንድ ሹመት ሌላ ሹመት መውለዱ አይቀርምና፥ አዲሱ ፓምፕ የመጀመሪያውን የሚያህል ቀጭን ሽቦ ናቀ። ፋብሪካው መኪናይቱ ቀስ ብላ በምትሄድበት ጊዜ ለፓምፑ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ግፊት የሚቀንስ ጠባቂ አቁሞበት ነበር፤ ይህም በሰላም ጊዜ ቍጠባ ነው፥ በጦርነት ጊዜ ግን ረኀብ ነው። ዲናሞው 14 ቮልት ያህል አመንጭቶ ሳለ ፓምፑ ዘንድ ሲደርስ 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፥ የሚያፈስሰው ነዳጅ በዚያው ልክ ይጎድላል። ስለዚህ መካኒኩ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፤ በሽቦውም ላይ ፊውዝና ሪሌ አቆመ።

ከዚህ በኋላ ደግሞ የጥጋብ በሽታ መጣ። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲያንኮራኩር የሚፈልገው ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ታላቁ ፓምፕ ያለ ርኅራኄ ስለሚያፈስስ፥ የተረፈው ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቀጭን ቱቦ ጠበበው፤ ግፊቱም ከልክ አለፈ፤ መኪናይቱ በቆመችበት ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ጀመር። እንግዲህ ግፊት መጣኙም መለወጥ፥ የመመለሻውም ቱቦ መስፋት ነበረበት። የሚገርመው፥ ከዚህ ሁሉ ወጪ መካከል ፓምፑ ራሱ ከርካሾቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ባልደራስ በየዘመኑ ደመወዙ ትንሽ ነው።

በመጨረሻ መኪናይቱ ተመዘነች፤ 700ውም ፈረሶች አንድ ሳይጎድሉ ተቈጠሩ፤ በሰሌዳው ላይ ያለውም ምጣኔ ከላይ እስከ ታች ሳይነቃነቅ ጸና። እኔና የእኅቴ ልጅም በዚያው ዕለት ዋሽንግተንን በሚዞረው በ495 ጎዳና ወደ ቤት ተመለስን፤ በዚያ ጎዳና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ሲሆን፥ የሥራ መውጫ ሰዓት ስለ ነበረ እርሱንም ያገኘው አልነበረም። 700 ፈረስ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ጭራ ላይ ቆሞ ሲያዛጋ ማየት ለታሪክ የሚሆን ነው። በማግሥቱም ጓደኞቹ መጥተው ኮፈኑን አስከፍተው ቱርቦውን አደነቁ፥ ዳሰሱት፥ ፎቶግራፍ አነሡት፤ በኋላ በኩል ዞሮ ስለ ፓምፑ የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም።

መካኒኩ ቅዳሜ ለምስጋና ቡና ተጠራ። እኅቴ ሌሊቱን በሆስፒታል ሕሙማን ስትጠብቅ አድራ መጥታ ቡናውን ስታቀራርብ፥ እርሱ ስለ ፓምፑ የሚያብራራውን ሁሉ በዝምታ ሰማችና «እስቲ እኔ ልድገመው፤ የተሳሳትሁ እንደ ሆነ አርሙኝ» አለች። «ከሥር በጨለማ ተቀምጦ ሁሉን የሚመግበው እርሱ ነው፤ የሚመሰገነው ግን ከፊት ሆኖ የሚያፏጨው ነው። ብዙ በሚፈለግበት ሰዓት ሸክሙ ይብስበታል፤ የሚላክለት ግን በቀጭን ሽቦ ነው። እንዲህ ነው?»

«ከእኔ ይልቅ እርስዎ ተረጐሙት» አላት መካኒኩ።

«እንግዲያስ ይህን ፓምፕ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ሌሊት ተረኛ ነው» አለች።

ልጇ ሲኒውን ትክ ብሎ ይመለከት ጀመር፤ ከዚያም ጨዋታውን ለማስለወጥ ብሎ «ጋሼ፥ ከበቆሎ በሚወጣው አልኮል ወደ 900 ፈረስ ብናደርሳትስ?» ሲል መካኒኩን ጠየቀ። መካኒኩም በየዋህነት «የአልኮሉ ነዳጅ ሲሶ ያህል ተጨማሪ መጠን ይሻል፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ፓምፕ ብቻውን አይችለውም፥ ከጎኑ ሁለተኛ ይቆምለታል» ብሎ መለሰ።

እኅቴ ጀበናውን አስቀምጣ «እሰይ! ለእኔም የሚበጀኝ ይኸው ነው፤ ሁለተኛውም ከገበያ አይፈለግም፥ እዚሁ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል» አለች። ከዚያ ወር ጀምሮ የቤቱን የመብራትና የውኃ ሒሳብ፥ ከባንክ ዕዳውም ሲሶውን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ የ900 ፈረሱም አሳብ በዚሁ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።